ከዶርዜ ፏፏቴ እስከ ጫሞ ዳርቻ፦ አንድ ቀን በአርባ ምንጭ

የሐሩር ደሴት ሲባል ለአብዛኞቻችን በዓይነ ህሊናችን የሚመጣው ከግድግዳ ካላንደር ላይ የምናውቀው ሥዕል ነው። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ከጫካ መሐል የሚወረወር ፏፏቴ፣ በጠራ ውኃ ላይ የቆመች ትንሽ ጀልባ። ወላጆቻችን ቢያንስ ምጽዋን ያውቁ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባህር ዳርቻችንም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የዓመት ፈቃዱን ውኃ ዳር ማሳለፍ የሚሻ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሞምባሳና ዛንዚባርን ያልማል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የውጭ ምንዛሪውን ሲያሰላ ደግሞ ሐሳቡን መልሶ ያጥፈዋል።

ለዚህ ሰው አርባ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ስም «የአዞ አገር» የሚል ብቻ ነው። ሄዶ አዞ አይቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ይህ መጥፎ ጉዞ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከተማዋና አካባቢዋ ያ የካላንደር ሥዕል ያለውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይዘዋል፤ ተራራው አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ሙዙና ማንጎው አለ፣ ደሴቱም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ውኃው ውስጥ አይገባም። ለምን እንደማይገባ ማወቅ ደግሞ የቦታውን ምሥጢር ግማሹን ማወቅ ነው።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሻሸመኔ በኩል 505 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሲኬድ መንገዱ ያጥራል። ሁለቱም መንገዶች ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። አውሮፕላን ለያዘ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዞኑ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። ከተማዋ ራሷ ሁለት ናት። ላይኛዋ ሴቻ በገደሉ አናት ላይ የተቀመጠች ስትሆን አስተዳደሩና ሐይቁን የሚያዩት ሆቴሎች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ታችኛዋ ሲቀላ ገበያው፣ መናኸሪያውና የዓሣ ቤቱ ግርግር ያለባት ናት። በሁለቱ መካከል ባጃጅ ሲመላለስ ይውላል።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው የምንመክረው ውኃው በሚወርድበት መንገድ አብሮ እንዲወርድ ነው። ጠዋት ተራራው ላይ፣ ቀትር ላይ ምንጮቹ ዘንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ። ይህ ቅደም ተከተል የተመረጠው ለአየሩ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ሌላም ጥቅም አለው። ጠዋት እግርዎን ያራሰው ውኃ ማታ ላይ የት እንደደረሰ ያያሉ።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ይሁንና በዚህች አጭር መንገድ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስተው 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ወደ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት እንደተጓዙ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከሥር የተዉት የሙዝ እርሻና ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ በምትኩ ጉም፣ ቀርከሃና እንሰት ይመጣል። ቆላ ወረድኩ ብሎ በሸሚዝ ብቻ የመጣ ጎብኚ እዚህ ላይ ሲንዘፈዘፍ ማየት የተለመደ ነው። ጃኬት ይያዙ።

ከጨንቻ በፊት የሚገኘው ዶርዜ ነው። አዲስ አበቤው ዶርዜን የሚያውቀው በሽሮ ሜዳ በኩል ነው። የለበሰው ጋቢ፣ ለሠርግ ያዘዘው ጥበብ ከዶርዜ ሸማኔ እጅ የወጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሰዎቹን ግን በአገራቸው ማየት ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ይሸምናሉ። ቤቶቹ ከቀርከሃ ተጠልፈው በእንሰት ቅጠል የሚሸፈኑ ናቸው፤ ከፍታቸው አሥራ ሁለት ሜትር ድረስ ይደርሳል ይባላል። ከፊት ለፊት ሲታዩ መግቢያው እንደ ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ዓይን ሆነው የዝሆን ራስ ይመስላሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ አይፈርስም፤ የተበላውን ቆርጠው ይጥሉትና ቤቱ ያን ያህል ያጥራል። እንዲህ እያጠረ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አጭር ቤት ያየ ሰው ባለቤቱ ድሃ ነው ብሎ እንዳይደመድም፤ ቤቱ አርጅቶ ነው። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ይሸከመዋል።

ከመንደሩ የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ ይዞ በእግር ወደ ፏፏቴ መውረድ ይቻላል። ጢስ ዓባይን የሚያውቅ ሰው ያን የሚያህል ነጎድጓድ መጠበቅ የለበትም። ይህ የጥላ ቦታ ፏፏቴ ነው። በቀርከሃና በእንሰት መካከል የሚያልፈው ቀጭን መንገድ ዝናብ ከጣለ ያንሸራትታል፤ ሱሪን እስከ ጉልበት ጭቃ ያደርጋል። ውኃው በረዶ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የውኃው መጠን እንደ ወቅቱ ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ክረምት በልባችን ይዘን መምጣት የለብንም። የጋሞ አካባቢ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው የሚበረታው፤ አንዱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ሌላው ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር መዳረሻ። አዲስ አበባ በሐምሌ ጭጋግ ተከድና ስትከርም አርባ ምንጭ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ፏፏቴውን በኃይሉ ማየት የሚፈልግ ከዝናቡ ወራት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይምረጥ።

ከፏፏቴው ሲመለሱ ትኩስ ቆጮ ከማር ወይም ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣው ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የተዘጋጀ ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ገበያ የሚወዱ ከሆነ ዶርዜ ላይ የገበያ ቀን ሰኞና ሐሙስ ነው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ይህን የምንለው ለወግ ያህል አይደለም። ከውጭ የመጣው ጎብኚ አስፈቅዶ ሲያነሳ የአገሩ ልጅ «የራሴ ወገን ነው» ብሎ ሞባይሉን ሰው ፊት ላይ ሲደቅን ብዙ ጊዜ ይታያልና።

አሁን ውኃውን እንከተለው። በእነዚህ የጉጌ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ሁለት መንገድ ይዞ ይወርዳል። አንደኛው መንገድ በገሃድ የሚታየው ነው፤ የጅረቶቹ። ሐሬ ወንዝ ወርዶ አባያ ይገባል። ኩልፎ የአርባ ምንጭን ከተማ ታክኮ አልፎ ጫሞ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ ስውር ነው። ውኃው በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሠርጎ በመሬት ውስጥ ይጓዝና ስምጥ ሸለቆው በሚጀምርበት በገደሉ ግርጌ እንደገና ብቅ ይላል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ብቅታ ነው። «አርባ» የሚለው ቁጥር ተቆጥሮ የተገኘ ነው ወይስ «ብዙ» ለማለት ነው የሚለው ክርክር አስጎብኚዎችን ለሰዓታት ያነጋግራል። ቆጥረን እንጨርስ ብለው የጀመሩ ሁሉ የተለያየ ቁጥር ይዘው ስለሚመለሱ «ብዙ» የሚለው ያስማማል።

ምንጮቹ የሚገኙት በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል፣ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ነው። ይህ ደን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ሜዳ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ እንዲህ ያለ ረጃጅምና ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ደን ለማኖር አይበቃም። በዙሪያው ያለው ተፈጥሮአዊ ዕፅዋት የግራርና የቁጥቋጦ ነው። ደኑ የቆመው ከሥሩ ባለው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ሾላዎቹና ሌሎቹ ግዙፍ ዛፎች ሥራቸውን የዘረጉት ጨንቻ ላይ ወደዘነበው ዝናብ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከሴቻ ገደል ላይ ቁልቁል ሲታይ ደኑ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ እስከ ሐይቁ ድረስ ተዘርግቷል። ውስጡ ሲገቡ ደግሞ ቀትር ላይ እንኳ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። ጦጣው፣ ዝንጀሮውና ጉሬዛው ከላይ ይንጫጫሉ፤ ከሥር ውኃው ከድንጋይ ሥር እየተንደቀደቀ ይወጣል። ጥርት ያለ ነው። በቀትር ሙቀት እጅና ፊትን ለማስነካት እንኳ የሚያጓጓ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ምንጭ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ነው። የአርባ ምንጭ ነዋሪ ቧንቧውን ከፍቶ የሚጠጣው ከዚህ ተስቦ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ ምንጩ ራስ ላይ በሳሙና መታጠብም ሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሎ መሄድ የሰው ማሰሮ ውስጥ እንደመግባት ነው። መታጠብ ያማረው ወደ ታች በሚሄደው ጅረት ላይ በፓርኩ ሠራተኞች በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ይታጠብ።

ለቀትር ምሳ ሲቀላ ትሻላለች። አርባ ምንጭ ዓሣ መብላት ሥነ ሥርዓት አለው። ቆሮሶው በሙሉ ይጠበሳል፤ ሥጋው ተተልትሎ ግን ከራሱና ከአጥንቱ ሳይለያይ ይመጣል። ነጭ ዓሣው ለኮተሌትና ለጉላሽ ይሆናል። የዓሣ ዱለትም አለ። ዳጣው እዚህም ይከተላል። ከምሳ በኋላ ማንጎ ወይም ሙዝ። አዲስ አበባ ላይ በጋሪ የሚሸጠው ሙዝ በብዛት የሚመጣው ከዚሁ አካባቢ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ዛፉ ላይ በስሎ የተቆረጠውን ግን የቀመሰው ጥቂት ነው። በየግቢው የምትታየው ቅጠለ ደቃቅ ዛፍ ሽፈራው ናት። ጋሞዎች ሀለኮ ይሏታል። እኛ ዱቄቷን በመድኃኒትነት ከሱፐርማርኬት ስንገዛ፣ እዚህ እንደ ጎመን ተቀቅላ የምትበላ የየዕለት ምግብ ናት።

ዓሣው ላይ ግን ቅር የሚል ነገር አለ። ነጭ ዓሣ ጫሞ ውስጥ ከሰው የሚተካከል ቁመት ድረስ የሚያድግ ዓሣ ነው። በቀዳዳ ጠባብ መረቦች ሳይታክቱ ማስገር ከተለመደ ወዲህ ግን ምርቱ እጅግ ቀንሷል። ገና ያልወለደው ዓሣ ከወጣ የሚወልደው ከየት ይመጣል? የዓሣ ኮተሌት ዋጋ ጨመረ ብሎ የሚያማርር ተመጋቢ ምክንያቱን ከአስተናጋጁ ሳይሆን ከመረቡ ቀዳዳ ቢፈልገው ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ጫሞ ሐይቅ ወደብ መውረድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሴቻ ላይ ቆም ብለው ሐይቆቹን ይመልከቱ። ከገደሉ አናት ሁለቱም ይታያሉ። በስተሰሜን አባያ ነው፤ ቀለሙ የሸክላ ውኃ ይመስላል። በስተደቡብ ጫሞ ነው፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። በመካከላቸው ያለው ተራራማ የመሬት ድልድይ «እግዜር ድልድይ» ይባላል። በ1888 ዓ.ም. አካባቢ ያለፈው ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎት ነበር። ጫሞም በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ «ሩስፖሊ» እየተባለ ተጽፏል። ዛሬ እነዚህን ስሞች ከአሮጌ ካርታ ውጭ የሚያስታውሳቸው የለም።

ሁለት ጎረቤት ሐይቆች ለምን በቀለም ተለያዩ? ምክንያቱ አፈር ነው። አባያ ከአንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 13 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰሜን ብላቴ፣ ከምዕራብ እነ ሐሬ፣ ከምሥራቅም ሌሎች ወንዞች ከየደጋው ያጠቡትን ቀይ አፈር ይዘው ይገቡበታል። ከዚህ አፈር ውስጥ እጅግ ደቃቁ ክፍል በቶሎ አይዘቅጥም። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለውም ነፋሱ ባማሰለው ቁጥር የዘቀጠው እንደገና ይነሳል። ጫሞ ከአባያ ወደ 60 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ የሚገባበት ደለልም ያነሰ ነው። አባያ ሞልቶ ሲፈስ ትርፉ ወደ ጫሞ የሚወርድ መሆኑ ሲታሰብ ግን የታችኛው ቀለም እስከ መቼ እንደዚህ እንደሚቆይ ያጠያይቃል። ጠዋት ፏፏቴው አጠገብ ያየነው ቁልቁለት ማሳ፣ ዛፉ ከተመነጠረ፣ ማታ በአባያ ቀለም ውስጥ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ጀልባው። የጫሞ ጀልባ ጉዞ አጠቃላይ የአንድ ሰዓት ተኩል ወይም የሁለት ሰዓት ነገር ነው። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ ብሎ መጠየቅ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። የነፍስ አድን ጃኬት ሳይሰጥዎት አይሳፈሩ። ጀልባው ተነስቶ ኩልፎ ወደ ጫሞ ወደሚገባበት አቅጣጫ ሲጠጋ «አዞ ገበያ» ይደርሳል። ስሙ የንግድ ቦታ ነው የሚያስብል ቢሆንም የሚሸጥም የሚገዛም የለም። አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ስለሚውሉበት ነው እንዲህ የተባለው። የዓባይ አዞ የሚባለው ይህ ዝርያ አምስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። አፉን ከፍቶ ሲጋደም ሰው እያስፈራራ አይደለም፤ ሙቀቱን እያመጣጠነ ነው። የራሱ የሰውነት ሙቀት ማመንጫ ስለሌለው በፀሐይ ይሞቃል፣ ሲበዛበት በአፉ በኩል ያበርዳል፣ ወይም ውኃ ይገባል። እንስቷ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። የሚፈለፈለው ወንድ ይሁን ሴት የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት መሆኑ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስገርም ነው። ከዚሁ ሐይቅ ዳርቻ እንቁላል እየተሰበሰበ የሚፈለፈልበትና አዞዎች ለቆዳቸው የሚረቡበት ጣቢያ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአባያ በኩል አለ። ጊዜ ካለ በአጥር ማዶ ከትንሹ እስከ ትልቁ በየዕድሜያቸው ማየት ይቻላል፤ ጫሞን ላየ ሰው ግን ግድ አይደለም።

ከአዞው ይልቅ ጀልባ ነጂዎቹ የሚጠነቀቁት ጉማሬን ነው። ቀን ላይ በመንጋ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ጆሮና አፍንጫውን ብቻ ያሳያል፤ ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል። ልጁን የያዘች ጉማሬ አጠገብ ሞተር ማስነሳት ጨዋታ አይደለም። «ጠጋ በልልን» ብሎ ነጂውን የሚያስጨንቅ ተሳፋሪ፣ በተለይ ካሜራ የያዘ፣ በየጀልባው አይጠፋም። ነጂው እንቢ ካለ ያመስግኑት። ዳርና ዳር አባ ኮዳው ቆሟል፤ ፔሊካኑ ይንሳፈፋል፤ ዓሣ አጥማጁ ንስር ነጭ ራሱን ቀና አድርጎ ይጮኻል።

ታዲያ መዋኘትስ? ከላይ እንደተባለው ውኃው ውስጥ አይገባም። ዓሣ አጥማጆች ደረታቸው ድረስ ገብተው መረብ ሲስቡ ታይተው ይሆናል። እነርሱ እንጀራቸው ስለሆነ ነው፤ በየጊዜውም ዋጋ ይከፍላሉ። በአካባቢው የአባያ አዞ ከጫሞው የባሰ ነው ይባላል። ምክንያቱ አባያ ውስጥ ዓሣ ስላነሰ ነው ይላሉ። ውኃው ድፍርስ በመሆኑም አዞው እስኪደርስ ድረስ አይታይም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በብዙ ሰው ፊት በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። ይህ ተረት አይደለም፤ በአገር ውስጥም በውጭም የተዘገበ ነው። ከአዞው ሌላ ዓይን የማያየውም አለ። በሐይቆቹ ዳርቻ ባሉ ነዋሪዎችና ዓሣ አጥማጆች ላይ ቢልሃርዚያ ይገኛል፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሰዎች እግራቸውን በሚነክሩበት ጸጥ ባለው ውኃ ዳር ነው። ወባም አለ። ደጋ ለኖረ የአዲስ አበባ ሰው የወባ ነገር ቀልድ አይደለም። አጎበር ያለበት ክፍል ይጠይቁ፤ ማታ ሐይቅ ዳር ሲቀመጡ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢሰማዎ ለሐኪምዎ አርባ ምንጭ እንደነበሩ ይንገሩ።

ደሴት ብለን ጀምረን ደሴቱን ሳንነካ ማለፍ አይገባም። አባያ ላይ ብዙ ደሴቶች አሉ፤ ሰው በመኖር የታወቀው ጊዲቾ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሁለት ሕዝቦች ናቸው። አንደኛው ባይሶ ነው፤ ቋንቋው ኩሻዊ ሆኖ ዙሪያውን በኦሞአዊ ቋንቋዎች ተከቦ የኖረ ነው። ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ በመሆናቸው ቋንቋው ለመጥፋት ከሚያሠጋቸው አንዱ ነው። ሁለተኛው ሐሮ የሚባለው ሲሆን ቋንቋው ኦሞአዊ ነው። በጀልባ፣ በዓሣ ማጥመድና ቀድሞ በጉማሬ አደን ይታወቃሉ። ጫሞ ላይም ጋንጁሌ የሚባሉ የደሴት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱ ደሴታቸውን ትተው ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተሻግረዋል። ጊዲቾ መሄድ የሚያስፈልገው በቂ ጊዜ፣ አስተማማኝ ጀልባና የአካባቢውን አስተዳደር ማነጋገር ነው፤ በአንድ ቀን የመዝናኛ ፕሮግራም ውስጥ ባይከተት ይመረጣል። ሰዎቹ በሐይቅ መሐል ሲኖሩ ዘመናት ያስቆጠሩ እንጂ ለጎብኚ የተቀመጡ አይደሉም። ለመዋኘት ሳይሆን ለማወቅ የሚሄድ ሰው ግን እንደ ጊዲቾ ያለ ቦታ ዛንዚባርም አያገኝ።

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ፓርክ ሜዳም እንዲሁ የራሱን ቀን ይፈልጋል። እግዜር ድልድይን በድንጋያማ መንገድ ተሻግሮ የሚደረስ፣ ጠንካራ መኪና የሚጠይቅ ነው፤ ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ ይሰማራል። የወፍ ተመልካቾች ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚህ መንገድ ላይ ከሞተች አንዲት የሌሊት ወፍ መሰል በራሪ፣ በእርግጥ ግን ወፍ ከሆነች፣ አንድ ክንፍ ብቻ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ ሳይንሳዊ ስሟም በላቲን «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ወደብ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከፍ ስለሚል ማዕበሉ ጀልባውን ይደበድባል፤ ተሳፋሪው ጥቂት ይረጥባል። ወደ ሴቻ ወጥቶ ሐይቆቹ ፊት ለፊት ወንበር ይዞ መቀመጥ የቀኑ የመጨረሻ ሥራ ነው። ፀሐይ ከኋላ በጋሞ ተራሮች ላይ ስትጠልቅ ጥላው መጀመሪያ ከተማውን፣ ቀጥሎ ደኑን፣ በመጨረሻም ውኃውን ይሸፍናል። ማዶ ያለው ተራራ ብቻ ቀይ ሆኖ ይቆያል። አባያ ያን ጊዜ ከቀለሙ ጋር ይስማማል።

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ላይ በዚሁ ሰዓት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ገና ልጃገረዶች፣ ጎንበስ ብለው በመንገዱ ዳር ይወጣሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ከዚያው ምንጮቹ ካሉበት ደን የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚሸጠው ለከተማው ምድጃ ነው፤ የዓሣ ጥብሱ የሚበስልበትም ምድጃ ከዚሁ አይርቅም። ባጃጁ ጡሩምባውን እያሰማ ያልፋቸዋል። እነርሱ ዳሩን ይይዙና ቆም ይላሉ፤ ትንሽ ተንፍሰው ሸክሙን ያስተካክሉና ዳገቱን ይቀጥላሉ።